ባትሪው ሲደክም ላፕቶፑ አብሮ ይጣላልን?

ሸጎሌን በእግሩ ያልረገጠ የአዲስ አበባ ሰው ይኖር ይሆናል፤ ስሟን ሰምቶ የማያውቅ ግን ጥቂት ነው። ይህች የጉለሌ ሰፈር ስሟን ያገኘችው ከቤላ ሻንጉሉ ገዥ ከሼህ ሆጀሌ አል ሐሰን ነው ይባላል። ሼህ ሆጀሌ ወርቅ ከሚዛቅበት አገር የመጡ ባላባት ሲሆኑ፥ በአዲስ አበባ የነበራቸው ቤት በዚሁ አካባቢ ነበር። «ሼህ ሆጀሌ» የሚለውም ስም በሕዝብ አፍ ሲመላለስ ለስልሶ «ሸጎሌ» ሆኖ ቀረ። ዛሬ ግን መንገደኛው ሸጎሌን የሚያውቃት በወርቅ ሳይሆን በአውቶቡስ ዴፖዋ ነው።

አንባቢ ሆይ! ስለ አውቶቡስ ዴፖ ጥቂት ቢያስቡ አንድ ትምህርት ያገኛሉ። ጎማው ያለቀበት አውቶቡስ ጎማ ይለወጥለታል። ባትሪው የደከመበትም አሮጌው ወርዶ አዲስ ይገባለትና ሕዝቡን ጭኖ ወደ ከተማ ይወርዳል። አንድ ሰው ተነሥቶ «የዚህ አውቶቡስ ባትሪ ሞቷልና አውቶቡሱን እንጣለው» ቢል፥ ጤንነቱን እንጠራጠር ነበር። ታዲያ በብብት የሚያዝ፥ ዋጋው ግን ብዙ ወር የተለፋበት ላፕቶፕ፥ ባትሪው ሲደክም ስለ ምን «አበቃለት» ይባላል? ይህን ጥያቄ ያነሣሁት ለመፈላሰፍ ብዬ አይደለም፤ ኪሴ ስለ ተነካ ነው።

ያበጠው ማሽን

እኔ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የፊዚክስ መምህር ነኝ። የዕቁብ ዕጣ በወጣልኝ ጊዜ፥ ከውጭ አገር ከመጣ ሰው ላይ አንድ ያገለገለ ላፕቶፕ ገዛሁ። የሠሪውን ስም አልጠቅስም፤ ነገሩ የአንድ ፋብሪካ ብቻ አይደለምና። አካሉ ብረት፥ ውፍረቱ እንደ ስስ ደብተር፥ ስክሪኑ እንደ መስተዋት የጠራ፥ አዲስ ሳለ ባለጸጎች ብቻ የሚገዙት ዓይነት ነበር። በመምህራን ማረፊያ ጠረጴዛ ላይ ባስቀመጥሁት ጊዜ ባልደረቦቼ ከበው «እንኳን ደስ ያለህ» አሉኝ። እኔም ደስ አለኝ።

ደስታው ዓመት አልሞላም። የመጀመሪያው ወሰነ ትምህርት ሊያልቅ ሲል፥ የአራት ክፍል ተማሪዎችን ውጤት በሮስተር ላይ ሳሰፍር አመሸሁ። ሦስቱን ክፍል ጨርሼ አራተኛውን እንደ ጀመርሁ መብራት ሄደ። ቀድሞ ቢሆን ላፕቶፑ በራሱ ባትሪ ሦስት ሰዓት ይሠራ ነበር፤ ያን ምሽት ግን ከአምፖሉ ጋር እኩል ጠፋ። ሴቭ ያላደረግሁት የሁለት ሰዓት ድካምም አብሮ ጠፋ። በማግሥቱ በብርሃን ስመለከተው ደግሞ ሌላ ነገር አየሁ። ጣት የሚንሸራተትበት ሰሌዳ ከመካከሉ ጎብጦ ተነሥቷል፤ ማሽኑም ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ እግሩ እንደ ተወላገደ በርጩማ ይወዛወዛል። ባትሪው አብጦ ነበር።

በሸጎሌ ከታክሲ መቆሚያው ገባ ብሎ አንዲት ጠባብ የጥገና ሱቅ አለች። ባለቤቷ በወጣትነታቸው ራዲዮና ቴፕ ይጠግኑ የነበሩ፥ ኋላም ቴሌቪዥኑን፥ ከዚያም ሞባይሉንና ላፕቶፑን እየነካኩ የተማሩ ሽማግሌ ናቸው። ማሽኑን ተቀብለው በጣታቸው ዳበስ አደረጉት።

«ቲቸር፥ ይኸን እኮ ከትናንት ወዲያ ማምጣት ነበረብህ» አሉኝ። «ሁለተኛ ቻርጅ ላይ እንዳትሰካው። ተኝተህ ሳለ ቤቱን ያቃጥልብሃል።»

«ባትሪውን አይለውጡልኝም፥ ጋሼ?»

ካቻቪቴ አነሡና የታችኛውን ክዳን ፈትተው ወደ እኔ አዞሩት። «እስቲ እይ፤ ባትሪው ብሎን የለውም። በማስቲሽ ነው የተለጠፈው፤ ከኪቦርዱ ቤት ጋር አንድ አካል ሆኗል። መንቀሉን እነቅለዋለሁ፤ የምተካውን ግን ከየት ላምጣ? ይህ ባትሪ ከነኪቦርዱ እንጂ ብቻውን አይሸጥም። ዋጋውን ብነግርህ ትስቃለህ።»

ዋጋውን ነገሩኝ። አልሳቅሁም። ከሁለት ወር ደመወዜ ይበልጥ ነበር።

ባትሪ ስለ ምን ያረጃል?

በየላፕቶፑና በየስልኩ ውስጥ ያለው ባትሪ ሊቲየም አዮን የሚባለው ነው። ይህን ባትሪ በመጀመሪያ ለገበያ ያወጣው የጃፓኑ ሶኒ ኩባንያ ሲሆን፥ ጊዜውም 1991 እ.ኤ.አ. ነበር። መሠረቱን የጣሉት ሦስት ሊቃውንት ማለት ጆን ጉዲናፍ፥ ስታንሊ ዊቲንግሃምና አኪራ ዮሺኖ በ2019 እ.ኤ.አ. በኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ተሸልመዋል።

አሠራሩን ለተማሪዎቼ የማስረዳው እንዲህ እያልሁ ነው። በባትሪው ውስጥ ሁለት ቤቶች አሉ እንበል፤ አንደኛው የብረታ ብረት ውሑድ፥ ሁለተኛው ግራፋይት፥ ማለት የእርሳስ ልብ የሚሠራበት ከሰል ነው። ቻርጅ ስናደርግ የሊቲየም ቅንጣቶች ወደ ግራፋይቱ ቤት ይሄዳሉ፤ ስንሠራበት ደግሞ ወደ መጡበት ይመለሳሉ። ነገር ግን በየምልልሱ ጥቂቶቹ በመንገድ ይቀራሉ። በግራፋይቱም ላይ፥ በማንቆርቆሪያ ውስጥ እንደሚጋገረው ነጭ ቅርፊት ያለ ልባስ እየወፈረ ይሄዳል። ባትሪ ሙሉውን እንደ ተሞላ በሙቀት ውስጥ ሲቆይ ይህ ሁሉ ይፈጥናል። በውስጡ ያለው ፈሳሽ እየፈረሰ ጋዝ ሲወጣውም፥ መተንፈሻ የሌለው ስስ ከረጢት ስለ ሆነ እንደ ፊኛ ያብጣል።

እንግዲህ ባትሪ በባለቤቱ ቸልተኛነት ብቻ ሳይሆን በተፈጥሮው የሚያረጅ ዕቃ ነው። ይህንንም ሠሪዎቹ አይክዱም። አፕል ለዛሬዎቹ ማክቡኮች የሚሰጠው ልክ 1000 ጊዜ ሙሉ ቻርጅ ነው፤ ያን ጊዜ ከመጀመሪያው አቅሙ እስከ 80 በመቶ ቢቀረው ነው ይላል። በሌሎች ብዙ ማሽኖች ልኩ ከ300 እስከ 500 ነው። የላፕቶፕ ስክሪን ሃያ ዓመት ሊሠራ ይችላል፤ የባትሪው የሞት ቀን ግን ገና ከፋብሪካ ሲወጣ የታወቀ ነው። ታዲያ ማለቁ አስቀድሞ የታወቀውን ነገር እንዳይለወጥ አድርጎ መለጠፍ ምን ይባላል?

ከመንጠቆ ወደ ማስቲሽ

የቆዩትን ወፋፍራም ላፕቶፖች የሚያስታውስ ሰው፥ ባትሪያቸው በሁለት መንጠቆ ተይዞ ከጀርባ ይገባ እንደ ነበረ ያውቃል። መንጠቆውን ገፋ ማድረግና መሳብ ብቻ ነበር፤ ካቻቪቴ እንኳ አያስፈልግም። በዚያ የፕላስቲክ ቤት ውስጥ የሚገኙትም 18 ሚሊ ሜትር ውፍረትና 65 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያላቸው፥ የእጅ ባትሪ ድንጋይ የሚመስሉ ክብ ባትሪዎች ነበሩ። ብልኃተኛው ጠጋኝ ቤቱን ከፍቶ የሞቱትን በሌላ ይተካ ነበር።

በ2008 እ.ኤ.አ. አፕል ማክቡክ ኤር የተባለውን ስስ ላፕቶፕ አወጣ። ስቲቭ ጆብስ በሕዝብ ፊት ከደብዳቤ ፖስታ ውስጥ መዝዞ ሲያሳየው ዓለም አጨበጨበ። ባትሪው ያን ጊዜ ወደ ውስጥ ገባ፤ ሆኖም ገና በብሎን ነበር የታሰረው። በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣው ማክቡክ ፕሮ ግን በማስቲሽ ተለጠፈ። ዕቃ እየፈታ ለመጠገን ምን ያህል እንደሚመች የሚመረምረው አይፊክሲት የተባለው የአሜሪካ ድርጅትም ከ10 ነጥብ 1 ብቻ ሰጠው። በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣው የማይክሮሶፍት ሰርፌስ ላፕቶፕ ደግሞ ሳይቀደድ የማይከፈት በመሆኑ ከ10 ዜሮ አገኘ። እኔ በመምህርነቴ ለተማሪ ዜሮ መስጠት ይከብደኛል፤ ይህን ሳነብ ግን መርማሪዎቹን አልነቀፍሁም።

ፍርድ ሚዛናዊ እንዲሆን የሠሪዎቹንም ቃል መስማት ይገባል። መንጠቆና የባትሪ ቤት ቦታ ይወስዳሉ፤ እነርሱ ሲቀሩ ማሽኑ ይሳሳል፥ ይቀላል፥ ትልቅ ባትሪም ይይዛል ይላሉ። ይህ እውነት ነው። ማሽኑ አንድ ቀን ሙሉ ያለ ገመድ የሚሠራውም በከፊል በዚህ ምክንያት ነው። ነገር ግን ባትሪን በብሎን አስሮ ስስ ላፕቶፕ መሥራት እንደሚቻል ሌሎች ፋብሪካዎች በሥራ አሳይተዋል። ስለዚህ ስስነት ማስቲሽን የግድ አያደርገውም፤ ማስቲሹ የተመረጠ ነገር ነው።

ሂሳቡ በብር ሲመጣ

አሁን ወደ ሂሳቡ እንግባ። በ2023 እ.ኤ.አ. አፕል በአሜሪካ ባትሪ ለውጦ ለመስጠት የሚያስከፍለውን ዋጋ ከፍ ሲያደርግ፥ የማክቡክ ኤር 159 ዶላር፥ የማክቡክ ፕሮ 249 ዶላር ሆነ። ይህ የሥራውን ድካም ጨምሮ ነው። ለአሜሪካዊው ደመወዝተኛ ቅር የሚያሰኝ ቢሆን እንጂ የሚያስለቅስ አይደለም። ወደ እኛ ሲመጣ ግን ሌላ መልክ ይይዛል።

ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ይመነዘር ነበርና፥ 249 ዶላር ማለት 14,193 ብር ነበር። በዚያ ቀን የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። እንግዲህ ዶላሩን በ150 ብር ብናሰላው ያው ባትሪ 37,350 ብር ይሆናል። ባትሪው አልተለወጠም፥ ማስቲሹም አልተለወጠም፤ የተለወጠው የእኛ ብር ነው። ከዚህም ላይ በአገራችን የአፕል ኩባንያ የራሱ ሱቅ የለም፤ የመላኪያውና የቀረጡ ነገር ገና አልተነሣም።

መላኪያውም ቢሆን እንደ መጽሐፍ በፖስታ የሚላክ እንዳይመስልዎ። ሊቲየም አዮን ባትሪ እሳት ሊያስነሣ ስለሚችል፥ ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ከሚያዝያ 1 ቀን 2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ባትሪ ብቻውን በመንገደኛ አውሮፕላን ጭነት ሆኖ እንዳይላክ ከልክሏል። በጭነት አውሮፕላን ሲሄድም ከ30 በመቶ በላይ ቻርጅ ሊኖረው አይገባም። መንገደኛ ግን ለራሱ መጠቀሚያ እስከ 100 ዋት ሰዓት ያለውን በእጅ ሻንጣው ይዞ መግባት ይችላል። ለዚህ ነው እንግዲህ አንዳንድ ትላልቅ ላፕቶፖች ባትሪያቸው ልክ 100 ላይ ወይም ከዚያ ጥቂት ዝቅ ብሎ የሚቆመው።

ዓለም መለስ ብሏል

ደግነቱ ነገሩ ያስቆጣው እኛን ብቻ አይደለም። ፈረንሳይ ከጥር 1 ቀን 2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሻጭ ሁሉ ላፕቶፑ ለጥገና ምን ያህል እንደሚመች ከ10 በሚታሰብ ነጥብ ከዋጋው አጠገብ እንዲያሳይ በሕግ ደነገገች። የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው የባትሪ ሕግ፥ ከየካቲት 18 ቀን 2027 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዕቃ ውስጥ የሚገባ ትንሽ ባትሪ፥ ጥቂት ልዩ ሁኔታዎች ሲቀሩ፥ ባለቤቱ ራሱ በተራ መሣሪያ አውጥቶ ሊለውጠው የሚችል እንዲሆን አዝዟል። መለዋወጫውም ዕቃው ለገበያ መቅረቡ ካቆመ በኋላ ቢያንስ ለአምስት ዓመት መገኘት አለበት።

ፋብሪካዎቹም መንቀሳቀስ ጀምረዋል። በ2021 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያውን ላፕቶፕ ያወጣው ፍሬምወርክ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ማሽኑን ከነካቻቪቴው ይሸጣል። ከሥር ያሉት አምስት ብሎኖች ሲፈቱ ሁሉም ነገር ይታያል፤ ባትሪው ብቻውን ከ60 እስከ 70 ዶላር ገደማ ይገዛል። ሌኖቮም በ2024 እ.ኤ.አ. ባወጣው አንድ ቲንክፓድ ከአይፊክሲት ከ10 ነጥብ 9 አግኝቷል። አፕል ራሱ በ2022 እ.ኤ.አ. የላፕቶፕ መለዋወጫ ለባለቤቶች መሸጥ ጀመረ፤ ነገር ግን ያን ጊዜ የማክቡክ ፕሮ ባትሪ የሚሸጠው ከነኪቦርዱና ከነላይኛው ገበታው ነበር። ጎማ ለመለወጥ የፈለገን ሰው «በሩንም አብረህ ግዛ» እንደ ማለት ነው።

እኛስ?

አገራችን ጥገናን ከፈረንጅ የምትማር አይደለችም። የመርካቶን ምናለሽ ተራ ያየ ሰው፥ ከተጣለ በርሜል ምድጃ፥ ከአሮጌ ጎማ ጫማ ሲወጣ ተመልክቷል። ቆራሌው በየበሩ እየጮኸ የሚሰበስበው ዕቃ መልሶ ሰው ቤት ይገባል። ሆኖም ይህ ሁሉ ጥበብ የሚሠራው ዕቃው ሲፈታ ነው። በማስቲሽ የታተመ ማሽን ምናለሽ ተራን ይዘጋዋል፤ የሸጎሌውን ሽማግሌም እጃቸውን ያስራቸዋል።

ትክክለኛው መለዋወጫ ሲጠፋ በቦታው የሚገባው ፎርጅድ ነው። ስሙን ለጥፈውበት ከትክክለኛው ባትሪ ሊለዩት የሚያስቸግር፥ ውስጡ ግን አቅም የሌለው ወይም መቆጣጠሪያው ደካማ የሆነ ባትሪ፥ ገንዘብን ብቻ ሳይሆን ቤትን ሊያሳጣ ይችላል። የሚጣለውም ነገር እየበዛ ነው። በ2022 እ.ኤ.አ. በዓለም ላይ 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ተጥሏል፤ በሥርዓት ተሰብስቦ እንደገና ለጥቅም መዋሉ የተመዘገበው ከመቶ 22 እጅ ያህል ብቻ ነው።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፥ ላፕቶፕ ሊገዙ ሲሄዱ ከፍጥነቱና ከመልኩ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቁ። አንደኛ፥ የታችኛው ክዳን በብሎን ይከፈታልን? ባትሪውስ በብሎን ነው ወይስ በማስቲሽ የተያዘው? ሱቁ ውስጥ ማየት ባይቻል እንኳ፥ ሲፈታ የሚያሳይ ፊልም በኢንተርኔት አይጠፋም። ሁለተኛ፥ ባትሪው ብቻውን ይሸጣልን? በስንት? ያን ዋጋ በላፕቶፑ ዋጋ ላይ ደምረው እውነተኛው ዋጋ ይህ ነው ይበሉ። ሦስተኛ፥ ማሽኑ ያገለገለ ከሆነ የባትሪውን ዘገባ እንዲያሳይዎ ሻጩን ይጠይቁ። ስንት ጊዜ ቻርጅ እንደ ተደረገና ከመጀመሪያው አቅሙ ስንት እንደ ቀረው ማሽኑ ራሱ ይመሰክራል። እኔ ሦስቱንም ሳልጠይቅ ነበር የዕቁብ ገንዘቤን የሰጠሁት።

የገዙትንም መጠበቅ ያስፈልጋል። ላፕቶፕን በፀሐይ፥ በተዘጋ መኪና ወይም በፍራሽ ላይ አስቀምጠው አይሥሩ፤ ይታፈናልና። ቀን ከሌሊት እንደ ተሰካ ከሚቆይ ይልቅ ከ20 እስከ 80 በመቶ መካከል ቢውል ዕድሜው ይረዝማል። ካበጠ ግን ምክር የለውም፤ ወዲያው ያጥፉት፥ ከቻርጅ ይንቀሉት፥ አይጫኑት፥ አይውጉት፤ ወደሚያውቅ ሰው ይውሰዱት። ከጓዳ ቆሻሻ ጋር መጣልም ሆነ ለቆራሌው መስጠት፥ እሳትን ለሌላ ሰው ማሸከም ነው።

የእኔው ማሽን ነገር እንዲህ ሆነ። ሽማግሌው አልኮል እያንጠባጠቡ፥ በስስ ፕላስቲክና በክር አንድ ከሰዓት ሙሉ ሲታገሉ ውለው ያበጠውን ባትሪ አንድም ሳይበሱ ነቀሉት፤ አሸዋ በተሞላ የብረት ጣሳ ውስጥም አስቀመጡት። የሠሩበትን ሒሳብ ስጠይቃቸው፥ አንድ የራዲዮ ጥገና ያህል ብቻ ተቀበሉኝ። ላፕቶፑ ዛሬ ያለ ባትሪ፥ በገመድ ብቻ ይሠራል፤ መብራት ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። የጠፋውን ሮስተር እንደገና የሞላሁት በትምህርት ቤቱ አሮጌ፥ ወፍራም፥ ጥቁር ላፕቶፕ ላይ ነው። ባትሪው በሁለት መንጠቆ ተይዟል፤ ዕድሜውም ከእኔ የመምህርነት ዘመን ይበልጣል።

ባለፈው ሳምንት አንድ ባልደረባዬ አዲስ የገዛውን ስስ ላፕቶፕ ሊያሳየኝ መጣ። እንደ ሌሎቹ «እንኳን ደስ ያለህ» ከማለቴ በፊት፥ «እስቲ ገልብጠውና ብሎኑን አሳየኝ» አልሁት።